የአብነት ቀይ አፈር

ዶክተር የሺ መሞቷን የነገረኝ ዮናስ ነው፤ በስልክ። «ጋሼ፣ ዶክተር የሺ አረፉ» አለኝ። የቀብሩን ሰዓት ነገረኝ። ደግሞ፣ «ግቢውስ እንዴት ነው? ባህሉ አሁንም እንደተጠበቀ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ባህል ስላለው ነገር እመጣበታለሁ። ሰው ሞቶ ስለ ባህል የሚጠይቅ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

«ሞተች» በማለቴ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ። አንቱ መባል የማትወደው ራሷ ናት። መጀመሪያ የመጣች ዕለት የግቢያችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ዘርጋው «እርስዎ፣ እርስዎ» እያለ ሲያሸረግድ፣ «ተወኝ ወንድሜ» አለችው። «መርካቶ ውስጥ አንቱ የሚለኝ ወይ ሊሸጥልኝ ነው፣ ወይ ሊዋሸኝ ነው።» ጋሼ ዘርጋው ሳቀ። ሁለቱንም ሊያደርግ ነበር የቆመው።

ግቢያችን ከምናለሽ ተራ ጀርባ ነው። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ የሚሰበስቡት ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ የተጣለ ብረት እዚያ መጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል። እኔ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ እሠራለሁ። ከጎኔ ያለው ከድር የሞተ የመኪና ባትሪ እየሰበረ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጥ ነበር። የከድር ቤትም ሥራውም አንድ ነው፤ ከምድጃው ጀርባ በላሜራ በተከለለች ክፍል ከሚስቱና ሐያት ከምትባል ሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። ዝናብ ሲዘንብ ከምድጃው ሥር የሚወርደው ውሃ በደጃፏ ያልፋል።

ከዶክተር የሺ በፊት የመጡትን አጥኚዎች ልቁጠር ብል አልጨርስም። ግንቦት ሲደርስ እንደ አሸን ይፈላሉ። መመረቂያ ጽሑፍ አለባቸው፤ እኛ ደግሞ ለታክሲ ቅርብ ነን። ሁሉም መጠይቅ ይዘው ነው የሚመጡት። «በሥራዎ ምን ያህል ደስተኛ ነዎት? በጣም ደስተኛ፣ ደስተኛ፣ መካከለኛ፣ ደስተኛ ያልሆኑ?» አንዷ ከድርን ይህን የጠየቀችው እርሳስ እያፈሰሰ ሳለ ነው።

«ልጄ፣ እጄ እየተቃጠለ ነው» አላት።

«መካከለኛ ልበለው?» አለችው።

ሁሉም ሲሄዱ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ «ውጤቱን አመጣለሁ።» አንድም ያመጣ የለም። ስለዚህ ግቢው ለሁሉም አንድ ስም አወጣላቸው፤ «አመጣለሁ»። ደብተር የያዘ ሰው በር ላይ ብቅ ሲል አንዱ «አመጣለሁ መጣ!» ብሎ ይጮሃል፤ ሁሉም ፊቱን እንደ ድሃ ያደርጋል። መልሱን የሚያስጠናን ጋሼ ዘርጋው ነበር። «ጥናቱ ለእርዳታ ከሆነ ልጅ ጨምሩ፤ ለግብር ከሆነ ልጅም ሥራም ቀንሱ» ይለን ነበር። በዚህ ዓይነት አገሪቱ ስለ እኛ የምታውቀውን ነገር ሁሉ የፈጠረው እሱ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስለ እኛ የተጻፈ አነበብኩ።

ዶክተር የሺ አጭርና ደንዳና ሴት ናት። የወንድ ቦት ጫማ ታደርጋለች። ኪሷ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ሰው ሲያወራ ትቆረጥማለች፤ ወሬው ካላማራት የቀኝ አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር ታፋትጋለች፤ ንግግርህን አፈር አድርጋ የምትፈትሽ ይመስልሃል። ሥራዋ የአፈር ኬሚስትሪ ነው። ትዕቢተኛም ነበረች፤ ስለሞተች አልዋሽላትም። አብሯት የመጣውን ዮናስን፣ ያኔ ተማሪ ነበር፣ ማኅበረሰብ ነው የሚያጠናው፣ በፊታችን ነው ያዋረደችው።

«ይሄ ልጅ ወሬ ይለቅማል፤ እኔ አፈር እለቅማለሁ» አለችን። «ሰው ይዋሻል። አፈር አይዋሽም።»

ዮናስ ፈገግ አለ። አንጀቱ እያረረ ፈገግ የሚል ዓይነት ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኋላ ትልቅ ቦታ ይደርሳል፤ ደረሰም።

የመጡት ሁለት ነገር ባንድ ላይ ሊያጠኑ ነው፤ እሷ መሬታችን ውስጥ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ፣ እሱ እኛ ስለዚያ ምን እንደምናስብ። እሷ ብዙ አላወራችም። አካፋዋን አንስታ የከድር ምድጃ ሥር ልትሰካ ስትል ጋሼ ዘርጋው መሐል ገባ።

«ኧረ ዶክተር! ኧረ በፈጠረሽ!»

«ምን ሆንክ?»

«እኛ ዘንድ የሰው የሥራ ቦታ በባዕድ እጅ አይቆፈርም። ገዱ ይሸሻል። ያ ሰው ከዚያ ወዲያ እንጀራ አይወጣለትም። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።»

እኔ ከድርን አየሁት፤ ከድር እኔን አየኝ። የትኞቹ አባቶቻችን? ግማሹ ሰው ከጉራጌ፣ ሌላው ከስልጤ፣ እኔ ከጎጃም በረንዳ ሸክም ትቼ የመጣሁ። ግቢው ራሱ ከጋሼ ዘርጋው ሽበት ያንሳል። ዮናስ ግን ዓይኑ በራ።

«በጣም ደስ ይላል! ስም አለው ጋሼ?»

ጋሼ ዘርጋው ወደ ሰማይ አየ። «እ… ገደ መሬት» አለ። እዚያው፣ በፊታችን ተወለደ።

«ዶክተር፣ ማክበር አለብን» አላት ዮናስ። «የጥናት ሥነ ምግባር ነው።»

እሷ ጣቷን አፋተገች። ፀሐዩ ከሯል፣ ሌላ ቀጠሮም ነበራት መሰለኝ ሰዓቷን አየች። «እሺ፤ ከሰው ገድ ጋር አልጣላም» አለች። ለያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት ፌስታል ሰጠችን። «እያንዳንድሽ ከሥራ ቦታሽ ቆፍረሽ ሙይ፤ ነገ ሰው ይወስደዋል። ውጤቱን ራሴ አመጣለሁ።» የመጨረሻውን ቃል ስትል ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

እንደወጡ ጋሼ ዘርጋው ሰበሰበን። «መሬቱ መርዝ ነው ከተባለ ግቢውን ያሽጉታል። ከዚያ ወዴት ነው? ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተክለ ሃይማኖት ደጃፍ?»  ያን ጊዜ አብነት ሰፈር ለፎቅ መሠረት ይቆፈር ነበር፤ ንጹህ ቀይ አፈር ተቆልሏል። ጋሼ ዘርጋው ኩሊ ላከ፤ አንድ ጆንያ መጣ። ፌስታሉ ሁሉ ከዚያ ተሞላ።

«አንሰጥም ማለት አይሻልም?» አልኩ። «ሴትዮዋን እንቢ በሏት እንጂ ለምን ትሸውዷታላችሁ?»

«ዝም በል አንተ ተሳዳቢ» አለኝ ጋሼ ዘርጋው። «እንቢ ያለ ይመረመራል፤ እሺ ያለ ይረሳል።»

የኔንም ፌስታል እሱ ሞላው።

ወራት አለፉ። ውጤቱን ያመጣው ዮናስ ነው፤ እሷ ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ነበረች። እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም አለበት። ከግቢው ማንበብ የምደፍረው እኔ ነኝና በርሜል ላይ አቆሙኝ። «በግቢው አፈር ውስጥ ለጤና የሚያሰጋ የእርሳስ መጠን አልተገኘም።» ጭብጨባ። ቀጥሎ የዮናስ ክፍል መጣ። «ማኅበረሰቡ ገደ መሬት በሚባለው ነባር ሥርዓት አማካይነት ከመሬቱ ጋር ጥልቅ መንፈሳዊ ትስስር አለው…» ሰው በሳቅ ወደቀ። አንዱ «ጋሼ ዘርጋው፣ ነባር ሆንክ እኮ!» አለው። ጋሼ ዘርጋው ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሩ ላይ ሰቀለው። እንደ ንግድ ፈቃድ።

ዮናስን ውጭ ተከትዬ ወጥቼ ነገርኩት። «ስማ፣ ይሄ አፈር የኛ አይደለም። የአብነት ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ… ጽሑፉ እኮ ወጥቷል።»

«ወጥቷል ማለት?»

«ታትሟል።»

ስለ ሞተ ሰው የሚናገር ነው የሚመስለው፤ አንዴ ሆኗል፣ አይመለስም በሚል ድምፅ። «ለዶክተሯ ንገራት» አልኩት። «እነግራቸዋለሁ» አለ። እሱም አመጣለሁ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ተራ ውሸት ነው፤ መርካቶ የውሸት ድሃ ሆና አታውቅም። የኔ ንዴት ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። አፈሩ ከአብነት መምጣቱን የማያውቅ ሰው በግቢው አልነበረም። ኩሊው ሲያራግፍ አይተዋል። ያ ወረቀት በር ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ አመኑት። ውሸታችን ዩኒቨርሲቲ ደርሶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሲመለስ አላወቅነውም።

ከድር በፊት ይጠነቀቅ ነበር። የባትሪ ነገር ለሕፃን ደግ አይደለም ሲባል ሰምቶ ሚስቱ ሐያትን ከጀርባዋ አታወርዳትም ነበር። ከወረቀቱ በኋላ ልጅቷ መሬት ወረደች። ምድጃው ጥግ ቁጭ ብላ አፈር በእፍኟ ታነሳለች፣ ትልሳለች።

«ከድር፣ አፈሩ የአብነት መሆኑን ረሳኸው?» አልኩት።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«ዶክተሯ ለክታለቻ።»

«የለካችው የአብነትን ነዋ፣ አንተ ደደብ!»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ግን ማኅተም አለው።»

 

ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ጋ ጩኸት ሆነ። «አመጣለሁ መጣች! ኧረ በራሷ እግር መጣች!» ዶክተር የሺ ናት፤ ቦት ጫማዋን አድርጋ፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች። ውጤቱን ፊት ለፊት ልታስረዳን ነው የመጣችው። ብላ ነበራ። እንዲህ ያለ ነገር በግቢው ታይቶ አይታወቅም። ጋሼ ዘርጋው ወንበር አስመጣላት፣ ለስላሳ አስከፈተላት። ፊቷ ደስ ብሎት ነበር፤ ከሁሉ እሻላለሁ የሚል ደስታ። ሐያትን እስክታይ ድረስ።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጭ ነው።

«ይቺ ልጅ አትሄድም?» አለች።

«ትሄድ ነበር» አለች እናቷ። «አሁን ተወችው። ሆዷንም ያማታል። ያስመልሳታል። ቡዳ ነው ይላሉ።»

ዶክተር የሺ ተንበረከከች። የልጅቷን መዳፍ ገልጣ አየችው። ከልጅቷ እጅ ሥር አፈር ቆንጥራ አነሳችና በሁለት ጣቷ አሸችው። ጥቁር ነው፣ ቅባት ያለው። ደጋግማ አሸችው። 

«ላብራቶሪ የቀረው አፈር ቀይ ነው ብሎኝ ነበር ረዳቴ» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። ሁሉም ጫማውን ያያል። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ። «አንተ። ምድጃ ሠሪው። አፍህ ክፉ ነው ይሉሃል። ተናገር።»

«የአብነት አፈር ነው» አልኳት። «ለፎቅ የተቆፈረ። ያንን ገድ ደግሞ ጋሼ ዘርጋው እዚሁ ነው የፈጠረው፣ አካፋውን ስታነሺ። ለዮናስ ነግሬው ነበር።»

በርሜል ላይ ተቀመጠች። ትሰድበናለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ደግሞ ይገባን ነበር። ጣቷ ላይ ያለውን ጥቁር አፈር ነው የምታየው። «በእጄ አልነካሁትም» አለች። «ቁጥሩ መጣልኝ፤ ቁጥሩን ጻፍኩ። አፈር አይዋሽም እያልኩ አፈሩን አንድ ቀን በእጄ አልነካሁትም።»

ከዚያ ተነስታ ሐያትን አቀፈቻት። እናቲቱን በመኪናዋ ጭና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ከድር እጁን ሳይታጠብ ከኋላ ሮጦ ገባ። በልጅቷ ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ሐኪሙን አስደነገጠው አሉ።

በሳምንቱ አካፋዋን ይዛ ተመለሰች። ዮናስም አብሯት አለ፤ ከኋላ ከኋላ። ጋሼ ዘርጋው በሩ ላይ ቆሟል፤ በእጁ ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት።

«ዶክተር፣ ባህላችንን አክብሪ» አላት። «እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት። ይኸው!» ገጹን አሳያት።

«ይሄ ባህል ስንት ዓመቱ ነው?» አለችው።

ከኋላ አንዱ «አንቺ ከመጣሽ ጀምሮ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ግን መንገድ የለቀቀ የለም። የሚስቁትም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ውሸት መሆኑን ማወቃቸው ምንም አይቀንሰውም።

ዮናስ ጠጋ ብሎ ቀስ አላት፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። «ዶክተር፣ ቢቀርስ? ልጅቷ ሕክምና ጀምራለች። ጽሑፉን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«እኔስ ማን ነኝ?» አለችው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፕሮፌሰር ሊሏት ጥቂት ነበር የቀራት፤ የሚያሻግራት ያ ጽሑፍ ነበር። ይህን ያወቅኩት ኋላ ከዮናስ ነው፤ እንደ ዕብደት አድርጎ ነው ያወራኝ።

ሰዉን ሰንጥቆ የወጣው ከድር ነው። አካፋውን ከእጇ ተቀበለ። «የኔን ገድ እኔው ልቆፍረው» አለ። ጋሼ ዘርጋው «ከድር፣ ተው፤ ግቢውን ታዘጋዋለህ» አለው። ከድር «ልጄን ዘግታችኋታል» አለው። ገባና ምድጃው ሥር ሰካው። ማንም አልነካውም። እሷ ተንበርክካ ጥቁሩን አፈር በባዶ እጇ እየዘገነች ፌስታሉን ሞላች። እኔም ከድር ሲጨርስ አካፋውን ወስጄ የኔን ቦታ ቆፈርኩ። ሌላ የቆፈረ የለም።

አዲሱን ውጤት ራሷ አመጣችው። የከድር ቦታ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም፤ የኔም ደህና አይደለም። በሩ ላይ ከፊተኛው አጠገብ በእጇ ለጠፈችው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተገንጥሎ ጠፋ። ፊተኛው እስከ ዛሬ አለ፤ ፕላስቲኩ ብቻ ቢጫ ሆኗል። ግቢውንም ማንም አላሸገውም። ያን ሁሉ የዋሹት እነሱን የሚያስታውስ ባለሥልጣን አለ ብለው ነው።

ጽሑፏን ግን ላተሙት ሰዎች ራሷ ጽፋ አሰረዘችው። ስሟን ጠርታ ስህተቴ ነው አለች። ፕሮፌሰርነቱም በዚያው ቀረ። እኔ ይህን ደግነት ነው አልልም፤ እልኸኛ ስለነበረች ነው። ግን እልኳን ራሷ ላይ ያዋለች የተማረ ሰው ሌላ አላየሁም።

ከድር ባትሪውን ትቶ ቤት ሲፈልግ «ዶክተር፣ የት ልግባ? መርካቶ ውስጥ የቱ አፈር ደህና እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አላት። ቆሎዋን ቆረጠመች።

«አብነት ግባ» አለችው። «ያንን ሁሉ ፌስታል ሙሉ የለካሁት አፈር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሱ የተመረመረ መሬት የለም።»

እየቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ገባ።

ቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ዮናስ ነው፤ ዛሬ እሱም ዶክተር ነው። ሥራዎቿን አንድ በአንድ ዘረዘረ። የኛን ግቢ አልጠራም። ሲያበቃ ጠጋ አልኩት።

«የኛስ?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ተሰርዟል።»

«እሱን ነበር ማንበብ ያለብህ።»

ፈገግ አለ፤ ያው ፈገግታ። የሱ ክፍል ግን አልተሰረዘም። ስለ ገደ መሬት ለብቻው ጽፎበታል፤ ተማሪዎች ዛሬም እሱን ይዘው ይመጣሉ። ጋሼ ዘርጋው በዕድሜው መጨረሻ ዶሮ ጨመረበት፤ የሚታረድ፣ ገብስማ። ባለፈው ክረምት የተደፈነ ቦይ ሊቆፍሩ የመጡ ሠራተኞችን ወጣቶቹ «ገዳችን ይሸሻል» ብለው ከበር መለሷቸው። ከልባቸው ነው። ፍሳሹ አሁንም በግቢው መሐል ይሄዳል።

ከቀብር በቀጥታ አብነት ሄድኩ። ከድር በር ላይ ጫማ ይሰፋ ነበር። ነገርኩት። መርፌውን አስቀመጠና «ኢና ሊላሂ» አለ።  ሐያት ከቤቱ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ በማንኪያ ትቆፍራለች። ትሄዳለች አሁን፤ አንድ እግሯ ይጎተታል፤ ቃልም ዘግይቶ ነው የሚወጣላት። ስታየኝ ተነሳችና እፍኝ ቀይ አፈር ይዛ እየተጎተተች መጣች።

«እ… እንካ» አለችኝ።

ተቀበልኳት። በሁለት ጣቴ አሸሁት። ደረቅ ነው፣ እጅ ላይ አይቀርም። ስለ ግቢያችን ከተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም የግቢያችን አይደለም።